ከእግሩ የሚጀምር ፊደል

ሐምሌ 8 ቀን 1975
ቆቦ ገባሁ። ሙቀቱ ያው፣ አቧራው ያው፣ እማም ያው... ገና ከአውቶቡስ ሳልወርድ «ዘኪያ፣ ምነው ከሳሽ!» አለችኝ። ክረምቱን ከመምህራን ማሠልጠኛ የተሰጠኝ ሥራ ሁለት ነው። በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ማስተማር፤ ከተማሪዎቼም አንድ ሰው መርጬ እንዴት እንደሚማር መጻፍ። «የሰው ልጅ ዕድገትና የግለሰብ ልዩነት» ለሚለው ትምህርት ነው። ማንን ልምረጥ?

ሐምሌ 11
ሃያ ሁለት ሴቶች። ፊት ወንበር ላይ ማን ቁጭ ብላለች? እማ! ሻሿን አሳምራ።
ምን እንዳመጣት ጠየቅኋት። ሰኔ ላይ የሴቶች ማኅበር ሲያስፈርም፣ ጸሐፊው አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም ነከረና ራሱ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። «እንደ ሕፃን እኮ ነው የያዘኝ! ወላሂ ሁለተኛ ጣቴን አላስነካም። መይሙና ብዬ ስሜን እጽፋለሁ።» መስከረም ላይ እንደገና ይፈርማሉ።
መረጥኋት።

ሐምሌ 24
ጎረቤታችን አስረሳሽ ማንበብ ጀመረች። በሁለት ሳምንት! እማ ግን ገና ከ«መ» ጋር ትታገላለች። የማሠልጠኛው ደብተሬ «ዕድሜ ሲገፋ አዲስ ነገር መቀበል ይከብዳል» ይላል። አስረሳሽ እኮ በዕድሜ ትበልጣታለች... እማ አይገባት ይሆን?
እዚህ ብጽፈው ምን ቸገረኝ። ይህን ደብተር መደብ ላይ ጥዬው ነው የምውለው፤ ቤታችን ውስጥ የሚያነብ እኔ ብቻ ነኝ።

ሐምሌ 27
ዛሬም እርሳስ ሰበረች። ሦስተኛው።

ነሐሴ 3
ተቆጣኋት። የገዛ እናቴን! «ከላይ ጀምሪ አላልሁሽም?» ብዬ እጇን ይዤ አስጻፍኋት። «ልቀቂኝ» አለች፣ ቀስ ብላ። ያ ጸሐፊ ያደረገውን ማድረጌ የገባኝ ቤት ከደረስሁ በኋላ ነው። እንዴት እንዳፈርሁ...

ነሐሴ 6
ሳቄ አልቆም አለኝ! ከገበያ ስመለስ እማ ሙዳይ እየሰፋች አገኘኋት። ከቀዩ ሐረግ መሃል ምን ልይ? «መ»! ቀጥሎ «ይ»! ቁልጭ ያሉ።
«ማን አሳየሽ?»
«አንቺ ነሻ።»
ሙዳይ የሚሰፋው ከታች ወደ ላይ ነው። አንዱ ዙር የፊደሉን እግር ያወጣል፣ የሚቀጥለው ወገቡን፣ ራሱ በመጨረሻ። እጇ ይህን ለምዶ አርባ ዓመት ሆኖታል። እኔ ደግሞ ከላይ ጀምሪ እያልሁ አስጨንቃታለሁ።
«ከጣራው የሚጀመር ቤት የት አየሽ?» አለችኝ።
እርሳሱን ሰጠኋት። ከእግሩ ጀምራ ወደ ላይ ወጣች። እርሳሱም አልተሰበረ!

ነሐሴ 28
ፈተና። ተቆጣጣሪው ይሁኔ መጥቶ እማ ራስጌ ቆመ። 
«እማማ፣ ከታች ነው እንዴ የሚጽፉት?»
«ሲያልቅ እየው።»
ሲያልቅ አየው። አነበበው። ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈ።
ውጤቱ ሲነገር እማ አልፋለች! እልል አልሁ፣ አስተማሪዋ ራሴ! አስረሳሽም ተቀበለችኝ።
ለማሠልጠኛው የጻፍሁትን የመጀመሪያ ገጽ ቀደድሁት። «ዘገምተኛ» የሚል ቃል ነበረበት። በምትኩ በአዲስ ገጽ ላይ ሙዳዩን ሥያለሁ።

መስከረም 14
የሴቶች ማኅበሩ ፊርማ ዛሬ ነበር። ጸሐፊው የቀለሙን ሣጥን ከፍቶ እማን ጠበቃት።
«ዝጋው» አለችው።
አራት ፊደል። ከእግር ወደ ራስ፣ ቀስ እያለች... ሰልፉ በሩ ድረስ ነበር፤ አንድ ሰው እንኳ አላጉረመረመም። ስትጨርስ ጣቷን አየት አድርጋ «ንጹሕ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። አለቀስሁ።

መስከረም 20
ነገ ወደ ማሠልጠኛ እመለሳለሁ። ዕቃዬን ስሸክፍ ይህን ደብተር መደቡ ላይ ተገልጦ አገኘሁት። ሐምሌ 24 ላይ። «እማ አይገባት ይሆን?» ካልሁት ሥር፣ በእርሳስ፣ ትልልቅ ሆኖ፦
«ገብቶኛል። መይሙና።»
ጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። «አብሽሪ ልጄ፣ ሌላውንም አንብቤዋለሁ!» ትላለች።
ያ ረቢ... ሌላው ደግሞ የትኛው ነው?