ጠመኔውን ማን ይያዝ

ዛሬ ማክሰኞ፣ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት፣ በመኝታ ቤቴ ትራስ ተደግፌ፣ የልጅ ልጄን እያስጻፍኩ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል እናገራለሁ። ምስክሮቼ የስፌት ቤቴ ዋና ቆራጭ፣ የፋርማሲው ባለቤት፣ ክርና ቁልፍ የሚያቀርብልኝ ነጋዴ እና ጎረቤቴ ጡረተኛዋ መምህርት ናቸው። ልቤ ደክሟል፤ አእምሮዬ ግን እንደ አዲስ መርፌ ስል ነው። የሚጠራጠር ካለ የአርባ ሦስቱን ሠራተኞቼን የወገብ ልክ ይጠይቀኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ የሚያስገድደኝም ገና አልተወለደም።

አንደኛ፦ የምኖርበትን ቤት ለሴት ልጄ ሰጥቻለሁ። ስድስት ወር ሙሉ አስታማኛለች። ስጮኽባት ችላኛለች፤ አንድ ቀን ብቻ በሩን በላዬ ጠርቅማዋለች፣ እሱንም ይቅር ብያታለሁ።

ሁለተኛ፦ የወርቅ ሀብሌ ለእህቴ ይሰጥ። ሥራ ስጀምር “በአንዲት የስፌት መኪና የት ልትደርሺ ነው?” ብላ ስቃብኛለች። የት እንደደረስኩ አንገቷ ላይ አድርጋ ታስታውሰው።

ሦስተኛው ስለ ስፌት ቤቱ ነው። መኪናዎቹን ሠላሳ አንድ አድርሻለሁ። ከእጄ የወጣ የተማሪ የደንብ ልብስ ስፌቱ ተተርትሮ አያውቅም። ይህን የምለው ልኩራራ ብዬ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ትሕትና አልጀምርም።

ደንቤ አንድ ነበር፤ እኔ በጠመኔ ምልክት ያላደረግሁበት ጨርቅ አይቆረጥም። ጠመኔው ከሽርጤ ኪስ አይወጣም ነበር። ባለፈው ዓመት ደረቴን ወግቶኝ ሐኪም ቤት ስገባ ከነሽርጤ ገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ አርባ ሦስት ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት መቀስ የያዘችው ቆራጭ ጨርቁን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

“ለምን አልቆረጥሽም?” አልኳት።

“እትዬ፣ አንድ ጊዜ ያለ ምልክት ቆርጬ ሳምንት ሙሉ ዘግተውኝ የለ?”

ያን ጊዜ ያለ እኔ ቅጠል አይበጠስም ብዬ ኮራሁ። ሐኪሙ ግን “በሽታዎ ይኸው ነው” አለኝ። ሐኪም ቀየርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አስኪያጁ ወንዱ ልጄ ሆነ። ጠመኔውን ግን አልሰጠሁትም፤ ጨርቁ እየተጫነ እስከ አልጋዬ ይመጣ ነበር። ደንበኛ በስልክ ይጮኽበታል፣ እኔ ከአልጋዬ እጮኽበታለሁ። እንቅልፍ አጣ፤ እጁ ብርጭቆ መያዝ እስኪያቅተው ተንቀጠቀጠ። አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል፣ ትንፋሽ አጥሮት አገኙት። እኔ “የኔ ጀግና ከሥራ ተደበቀ” ብዬ ቀለድኩበት። በሰው ፊት እንዳዋረድኩት ዛሬ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

በዚያው ወር አራት ሺህ ልብስ በሁለት ሳምንት የሚፈልግ ደንበኛ መጣ። እሺ በል አልኩት። “ሠራተኞቹ ያልቃሉ፣ እኔም” ብሎ እምቢ አለ። ወር ሙሉ አኮረፍኩት።

እንዲህም ሆኖ ስፌት ቤቱን ለእሱ አውርሻለሁ ስል፣ አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ልጄ ከወንበሩ ተነሣ። የተባባልነው እንዳለ ይጻፍ ብያለሁ።

“እማዬ፣ አልወስደውም።”

“የለፋሁበትን ለጅብ ልጣለው?”

“አንቺ በያዝሽው አያያዝ ከሆነ ሁለት ዓመት አልቆይም። ተከትዬሽ እሞታለሁ።”

“ታዲያ እንዴት ይሁንልህ፣ ጌታው?”

“ጠመኔው ለቆራጯ ይሰጥ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩም ስልኬም ይዘጋል። ትልቅ ሥራ ሲመጣ ከሰፊዎቹ ጋር ሳንመክር እሺ አይባልም።”

“ሌላስ? አልጋዬንም ልልቀቅልህ?”

ቆራጯ ሳቋን ዋጠች። እሱ አልሳቀም። እጁን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም።

ዕድሜዬን ሙሉ ከነጋዴ ጋር ተከራክሬአለሁ። በሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ከቃሉ ንቅንቅ የማይል ግን አላየሁም። እሰይ የኔ ልጅ! ያለውን ሁሉ ተቀብያለሁ።

አራተኛ፦ ስለዚህ ስፌት ቤቱ በእሱ ደንብ የእሱ ነው። ጠመኔውን አሁኑኑ ለቆራጯ ሰጥቻለሁ። “እትዬ፣ ብሳሳትስ?” አለችኝ። “ትሳሳቻለሽ። የሚበላሸው ጨርቅ ነው፣ ሰው አይደለም” ብያታለሁ።

ከዚህ በፊት የተናዘዝኩት ሁሉ ፈርሷል። በዚህ ቃሌ የሚከራከር ዘመድ ቢኖር በሕልሙ እመጣበታለሁ፤ ስቆጣ ታውቁኛላችሁ።

እስከዚህ ከተነበበ በኋላ ይህ ይጨመር፦ በሕይወቴ መስመር በመስመር ሳልመረምር የፈረምኩበት ወረቀት የለም። ይህን ግን ለልጄ ሰጠሁት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁላችን አነበበው፤ ሲጨርስ ምስክሮቹ እያዩ አንድ ቃል አረመ። የቱን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈረምኩ።

የተናዛዥ ፊርማ፦ የስፌት ቤቱ መሥራች

ስትናገር ሰምተን፣ ስትፈርም አይተን ፈርመናል፦
ዋና ቆራጭ
የፋርማሲው ባለቤት
የክርና የቁልፍ ነጋዴው
ጡረተኛዋ መምህርት

ከአፏ እየሰማሁ የጻፍኩት፦ የልጅ ልጇ