አንድ ሰዓት ብቻ ነው

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ፣ እማዬ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ደረጃውን ትሰድቢዋለሽ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬ ቀየርኩ።

አባዬ ሁለት ሳምንት እቆያለሁ ብሎ መጥቶ በሦስተኛው ቀን ሲመለስብሽ፣ ብርዱ አልተስማማኝም ብሎሻል አሉ። ብርዱ አይደለም።

ከመምጣቱ በፊት በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ደጋግሞ ጠይቆኝ ነበር። ለምን እንደሚጠይቅ ታውቂያለሽ፤ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ሽንቱን ብዙ መያዝ አይችልም። ትኬቱን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ አስር ሰዓት ይደርሳል ይላል። "አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓይንህን ጨፍነህ ስትገልጥ እኔ ጋ ነህ" አልኩት፣ አፌን ሞልቼ። በአውቶቡስ የመጣሁ ሰው ስለ አውሮፕላን ምን አውቄ! ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት መሆኑን፣ የእኛ ደግሞ ከእናንተ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚቀር አላሰብኩም። በደወልኩ ቁጥር "ተኝተሽ ነበር እንዴ?" የምልሽ እኔው ነኝ እኮ። በረራው ሦስት ሰዓት ነው።

አባዬ ቃሌን አምኖ መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። አጠገቡ ያሉትን ሁለት ሰዎች እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በኋላ ሲያጫውተኝ፣ "መቀስቀሱ አሳፈረኝ፤ ደግሞ አሁን ደረስን፣ አሁን ደረስን እላለሁ" አለኝ እየሳቀ። የቀረውን አልነገረኝም።

የቀረውንማ አይቼዋለሁ። መውጫው በር ላይ ከእጮኛዬ እናት ጋር ቆሜ ነበር። ሽቷቸው ቀድሟቸው የሚገባ፣ ለባሽ ሴትዮ ናቸው፤ ከአባዬ ጋር የሚተዋወቁበት ቀን ነው ብዬ እኔም ተኳኩያለሁ። አባዬ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ለዚህ ጉዞ ብሎ የስፌት መኪናውን አቧራ አራግፎ የሰፋውን፣ አንቺ ቁልፍ የተከልሽለትን ግራጫ ሱሪ ለብሷል። ሱሪው ከፊት እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ጠቁሯል። በኮቱ ሊሸፍነው እየሞከረ በዓይኑ እኔን ይፈልጋል።

"አባትሽ እኚህ ናቸው እንዴ?" አሉኝ ሴትዮዋ።

"አይ፣ አባዬ ገና አልወጣም" አልኩ።

ይህን ስል አጠገባችን ደርሶ ነበር፣ እማዬ። ቀና ብሎ አላየኝም። እንደ ማንኛውም መንገደኛ አልፎን ሄደ። ብዙ ቆይቶ ሌላ ሱሪ ለብሶ፣ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና "ይቅርታ፣ ሻንጣዬ ዘግይቶብኝ ነው" ብሎ ሴትዮዋን በትህትና ጨበጣቸው። ከዚያ እኔን ሳመኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከእኔ ዘንድ እስኪሄድ ድረስ ስለዚያ ነገር ቃል አልተነፈሰም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት መታጠቢያ ቤት ሱሪውን ሲያጥብ አግኝቼው እኔ ልጠብልህ ስለው፣ "ተይው፣ የራሴ ነው" አለኝ።

ትናንት ስለ ሠርጉ ደወልኩለት። "እናትሽ ትመጣለች፤ ለእኔ መንገዱ ረዘመብኝ" አለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ቅዳሜ እኔ እመጣለሁ፣ በአውሮፕላን። ሁለታችሁም ውጡና ተቀበሉኝ። ከበሩ ስወጣ አባዬ እንዳላየኝ ሆኖ ዝም ቢል ግን፣ አደራሽን፣ እንዳትቆጪው።

ዕድሜውን ከጤና ጋር ለሁለታችሁም ያድልልኝ።

የአባዬ ልጅ