በዚችው አውራ ጣት ሁለት ጊዜ

ለውድ እህቴ ለፈዲላ፣
ሪያድ

አሰላሙ ዓለይኪ ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሐይቁ ዓሣ የበዛ፣ ከአምባሰል ተራራ የከበደ ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይ? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? የማዳሟ አመል እንዴት ነው? ልጆቿስ አሁንም ሻሽሽን ይጎትቱብሻል? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም እንዳልልሽ ግን የጎደለ ነገር ስላለ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ፤ አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም።

መጀመሪያ ጽሕፈቱን ልብ በይልኝ። የማን ይመስልሻል? የኔ የወንድምሽ የሙነወር ነው! እስከ ዛሬ እኔ እየተናገርኩ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍልሽ፤ ያም ሰው ከቃሌ ግማሹን እየበላ ግማሹን ነበር የሚልክልሽ። ከእንግዲህ ማንም አይበላብኝም። የጎልማሶቹን የማታ ትምህርት ከሠላሳ አንድ ሰው አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ። ሀጀራ አንደኛ እኔ ነኝ፣ አንተ ሁለተኛ ነህ ትላለች፤ ሚስት ስለሆነች ዝም ብያታለሁ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ ያለውን የሱቅ ማስታወቂያ አንድ ሳላስቀር አንብቤ ጨርሼ ሌላ እስኪለጥፉ እየጠበቅኩ ነው። ሚኒባስ ውስጥ የተለጠፈውን ጮክ ብዬ ሳነብ ረዳቱ፣ ጋሼ እኛም ሰምተነዋል፣ ብሎ ለመነኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት መጥተሽ ስትመለሺ፣ ደሴ ያለው ኮሌጅ መልእክቱን የሚልከው በሀገር ቤት ቁጥርሽ ስለሆነ ስልኩን ለእኔ ትተሽልኝ ሄድሽ። የትምህርቱንም ገጽ እንደከፈትሽው ነበር የተውሽው። አርብ አርብ ከዙህር ሰላት በኋላ ማዳሟ የሪያዱን ስልክሽን ስትሰጥሽ ትደውያለሽ፤ እኔ የመጡትን ስድስት ቁጥሮች አነብልሻለሁ፤ አንቺ በነሱ ገብተሽ የሳምንቱን አልጀብራ ትሠሪያለሽ። እንዲህ ያለ ሹመት በዘራችን ማን አግኝቶ ያውቃል? ለሐይቅ ሰው ሁሉ፣ እህቴ ሪያድ ሆና ደሴ ትማራለች፣ ቁልፉ ግን እኔ ኪስ ነው፣ እያልኩ ስነዛ ከረምኩ። የምነግርሽ የዚያን ቁልፍ ነገር ነው።

ማክሰኞ ጥር 20 ቀን ጠዋት መረቡን አውጥተን፣ ዳር ላይ ሆነን ዓሣውን እየለቀምን ሳለ ስልኩ ጮኸ። እጄን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ አወጣሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩ። ውድ ተማሪ ፈዲላ፣ የኮሌጅ አልጀብራ ሁለተኛ ፈተና ተከፍቷል፣ እስከ እሑድ ድረስ ይሥሩ፣ ይላል። ሰዉ ሁሉ ሥራውን አቁሞ አዳመጠኝ። ወላሂ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። አብሮኝ የሚቀዝፈው ፈንታሁን ግን፣ ታውቂው የለ ምቀኝነቱን፣ «ማንበቡንስ አነበብክ፤ ከፍቶ መግባት ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው» አለኝ። እኔን? ከመልእክቱ በታች ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ በአውራ ጣቴ ነካሁት። ገጹ ተከፈተ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው። ከሥር አረንጓዴ ነገር አለ። አረንጓዴ መቼም ክፉ አይሆንም ብዬ እሱንም ነካሁት።

ከዚያ ሰዓት መቁጠር ጀመረ፤ ያውም ወደ ኋላ። ከስድሳ ደቂቃ ወደ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ወደ ሃምሳ ስምንት። ደንግጬ ስልኩን አጠፋሁት። ስልኩ ሲጠፋ ሰዓቱም የሚቆም መስሎኝ ነበር። መልሼ ብከፍተው ለካስ እሱ ሰው አይጠብቅም፣ አርባ አንድ ደርሷል። ፈዲላ፣ እዚህ ላይ የሆነውን ሳልደብቅ ልንገርሽ። ከቆምኩበት ብዙም ሳይርቅ የተማረ ሰው ሞልቶ ነበር። ሮጬ ሄጄ፣ ያልገባኝን ነገር ነክቻለሁ፣ አድኑኝ ማለት ነበረብኝ። ግን አንደኛ የወጣ ሰው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት አላውቅም ይላል? ቁጥር አውቃለሁ አልኩና ገባሁበት።

ፈንታሁን አንገቱን አስግጎ አየና፣ «ይሄ ሁሉ ኤክስ ምንድን ነው? እህትህ ገና ሳትሠራው ስህተት ነው ብለው ጨረሱት እንዴ?» አለ። ሳቅን። በምንስቅበት ሰዓት ያንቺ ደቂቃ ነበር የሚያልቀው። ሃያውን ጥያቄ አንዱን እኔ፣ አንዱን እሱ እየነካን ጨረስነው። በመጨረሻ ከሃያው ሦስት የሚል ወጣ። ፈንታሁን ሦስቱ የኔ ናቸው እያለ እስከ ዛሬ ይከራከረኛል።

አርብ ስትደውይ ነው የነገሩ ክብደት የገባኝ። ፈተናው ተሠርቷል ይለኛል፣ እኔ ግን አልነካሁትም፣ አልሽኝ። ኔትወርክ ይሆናል አልኩሽ። ዋሸሁሽ። ከዚያ፣ «ያኔም አልጀብራ ላይ ቆመ፣ አሁንም አልጀብራ ላይ ቆመ፤ አላህ ባይፈቅድልኝ ነው ሙኔ፣ ልተወው» አልሽ። ድምፅሽ የለቅሶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

ይህንኑ ለሀጀራ ነገርኳት። በእጇ የያዘችውን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝና፣ «አንተ የነካኸውን አላህ ላይ አትለጥፍ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምታነጋግረኝ በሱረያ በኩል ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ለአባትሽ ምሳው ቀርቧል በይው፣ ትላታለች። ልጄም አፏን ይዛ እየሳቀች ታደርስልኛለች።

ቢጨንቀኝ በልጅነታችን ቁርአን ያስቀሩን መምህራችን ሸህ ዑበይዱላህ ዘንድ ሄድኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ፣ ጥፋት በሽማግሌ ይታያል፤ የኮሌጁ መምህርት ሰው ከሆነች ታዳምጠናለች፣ አሉ። አንድ ሰው ሽምግልና አይሆንም ብለው ጎረቤታችንን አያ ደሳለኝን ጨመሩ። አያ ደሳለኝን ታውቂያቸዋለሽ፤ እስላም ይጣላ ክርስቲያን፣ እሳቸው የሌሉበት እርቅ አይጸናም። ትልልቅ የቆሮሶ ዓሣ መርጬ ልያዝላት ብል፣ ሸሁ ጉቦ ይመስላል ብለው አስጣሉኝ። ሐሙስ ዕለት ሁለቱ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትራቸውን ይዘው፣ እኔ በመሃል እንደ እስረኛ ሆኜ በሚኒባስ ደሴ ገባን።

አንቺ በስልክ ብቻ የምታውቂያት መምህርትሽ ልጅ እግር ናት፤ ካንቺ አትበልጥም። ቢሮዋ ገብተን ሽማግሌዎቹ ቆሙ። ተቀመጡ ብትላቸው፣ «ልጃችን፣ ይቅር ካላልሽ አንቀመጥም» አሉ። ምን አድርጋችሁኝ ነው ብላ ግራ ገባት። እነሱ ቆመው እሷ መቀመጧ ነውር ሆነባትና ተነሣች። አራት ሰው ቆሞ ኮምፒውተሩ ብቻ ተቀምጦ ነገሩን ሁሉ ዘከዘክሁላት። የምቀልድበት አንድ ቦታ እንኳ አጣሁ።

እሷም ፈተናው አንዴ ከተሠራ የሚዘጋው ሥርዓቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም፣ አለች። አያ ደሳለኝ፣ «ልጄ፣ ሥርዓትም ቢሆን ጌታ አለው፤ ለሱ ንገሪልን» አሏት። ፈገግ አለችና ወደ እኔ ዞረች። «አንተ እኔን አልበደልከኝም። የበደልከው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ ማን እንዳደረገው እንኳ አታውቅም። እንዴት ነው ከእኔ ይቅርታ የምትወስደው?» አለችኝ። ሸሁ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ልጅቷ ከሽማግሌዎቹ በልጣ ፈረደች።

ፍርዷ እንዲህ ነው። ፈተናውን አንቺ እንዳልሠራሽው፣ ማን እንዴት እንደሠራው ሳትደብቂ፣ በራስሽ እጅና በስምሽ ከጻፍሽላት እስከ የካቲት 20 ድረስ እንደገና ትከፍትልሻለች። ካልጻፍሽ ያ ሦስት ይጸናል፤ በሱ ደግሞ ትምህርቱን አታልፊም። ይህን ከተናገረች በኋላ ነው ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት።

ከዚያ የመጀመሪያውን ፈተናሽን ከፍታ አሳየችን። ከሃያ አሥራ ስምንት! ይህች ተማሪ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ በአንድ ቀን አጠራቅማ የምትልከው ለምን ይሆን እያልኩ ስገረም ነበር አለች። ስልክ የምታገኘው አርብ ብቻ ስለሆነ ነው ስላት፣ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም አፍሬ እንዳልወጣ፣ ለመሆኑ ያ ኤክስ ምንድን ነው አልኳት። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ዓሣ አስጋሪ ነኝ አልኳት። «እንግዲያው ማታ የጣልከው መረብ ነው በለው። ጠዋት እስክታወጣው ድረስ ስንት ዓሣ እንደያዘ አታውቅም፤ ቁጥሩ ግን አሁኑኑ እዚያ ውስጥ አለ። አልጀብራ መረቡን ሳይቀደድ ማውጣት ነው» አለችኝ። ሃያ ዓመት በሐይቁ ላይ ስኖር ይህን ማንም አልነገረኝም።

ስንመለስ ሸሁ፣ «በአፍህ ብትነግራት ታስቃታለህ፤ ስቃም ይቅር ትልሃለች፤ እውነቱ ግን ሳይነገር ያልፋል። ጻፈው» ብለው አዘዙኝ። ስለዚህ ባለፈው አርብ ስትደውይ ስልኩ ኪሴ ውስጥ እየጮኸ አላነሳሁልሽም። የሸሁ ትእዛዝ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ፍርሃት ነው።

ለመጻፍ ወረቀት ስፈልግ የእናታችንን ሳጥን ከፈትኩ፤ እዚያ ውስጥ ያገኘሁት ግን ሌላ ወረቀት ነው። በጉዞሽ ጊዜ ደላላው ያመጣውን፣ እኔ የፈረምኩትን። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። ትምህርቷን በፈቃዷ አቋርጣ ለመሄድ ስለ ወሰነች ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ ይላል። በፈቃዷ። ከሥሩ የኔ አውራ ጣት አሻራ አለ፤ ቀለሙ አሁንም አልደበዘዘም። ያን ቀን ደላላውን አንብብልኝ አላልኩትም፤ ማንበብ አለመቻሌ እንዳይታወቅብኝ። አንቺ የአልጀብራውን ደብተር በብብትሽ ይዘሽ በር ላይ ቆመሽ፣ ይህችን ሴሚስተር ብቻ ልጨርስ፣ ትይኝ ነበር። እኔም ሰው እየሰማኝ፣ አልጀብራ ጣራ አይከድንም፣ ብዬ አሳቅኩብሽ። አባታችን ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ቤቱ እኔ ላይ ወድቆ ነበር፤ ይህን የምልሽ እንድታውቂው ነው እንጂ ልከላከልበት አይደለም።

እህቴ፣ ያኔ አልጀብራሽን ያስቆመው አላህ አልነበረም። የኔ አውራ ጣት ነበረች። አሁንም እሷው ናት። ሁለቱንም ጊዜ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው የነካሁት። አንቺ ምንም አልጎደለሽም፤ ከሃያ አሥራ ስምንት አግኝተሻል። ስለዚህ አላህ አልፈቀደልኝም የምትይውን ቃል ከአፍሽ አውጪው፤ እሱ የኔን ጥፋት መሸፈኛ አይደለም።

አሁን የምለምንሽን አድርጊ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ሌላ ነገር ሳታስቀድሚ ለመምህርቷ ጻፊ። አድራሻዋን በመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጽፌዋለሁ። ስሜን አትደብቂ፣ የወንድሜ ነገር ነው ብለሽም አታለሳልሺው፤ ሙነወር ነው ብለሽ ጻፊ። ከእንግዲህ ኮዱ በሪያድ ቁጥርሽ እንዲመጣልሽም ጠይቂያት፤ እሺ ብላኛለች። አርብ አርብ ስድስት ቁጥር ማንበቤ ይቀርብኛል። በዓለም ላይ እንደዚያ የሚያኮራኝ ሥራ አልነበረኝም፤ ግን ያንቺ ቁልፍ በአንቺ እጅ ይሁን። ይቅርታውን ዛሬ ስጪኝ አልልሽም። ተቆጪኝ፤ ቁጣውን ግን ከፈተናው በኋላ አድርጊው፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ፈተናሽን በረመዷን ዋዜማ ተገላግለሽ ጾሙን በቀለለ ልብ ትቀበይዋለሽ፣ ኢንሻአላህ።

ያንን የደላላ ወረቀት ከደብዳቤው ጋር አብሬ ልኬልሻለሁ። ከአሻራዬ ሥር በገዛ እጄ፣ በፈቃዷ አልነበረም፣ ብዬ ጽፌበት ስሜን ፈርሜያለሁ። ብትቀጂውም ብታስቀምጪውም ያንቺ ነው።

ሀጀራ እጅግ አድርጋ ሰላም ትልሻለች፤ ደብዳቤውን አንብባ ሦስት ቦታ አርማኛለች፣ እንግዲህ አንደኛዋ እሷ ሳትሆን አትቀርም። ዛሬ ደግሞ ያለ ሱረያ አነጋገረችኝ። ሱረያ አክስቴ መምህር ስትሆን እኔን ታስተምረኛለች እያለች ትጠብቅሻለች። ሸህ ዑበይዱላህ ዱዓ አድርገውልሻል፣ አሚን በይ። አያ ደሳለኝም እግዜር ይርዳሽ ብለዋል። ፈንታሁን አፉ በይኝ ብሏል፤ ሦስቱ የኔ ናቸው የሚለውን ግን ዛሬም አልተወም። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሀውራ ናት፤ ሐሙስ ትበራለች፤ ይዛልሽ የምትመጣው ይህን ብቻ ስለሆነ ሌላ ዕቃ አትጠብቂ።

እናታችን ይህን ሁሉ ገና አታውቅም። ከየሰላቱ በኋላ፣ ልጄ ፈተናዋን አለፈች ወይ፣ ትለኛለች። እኔም፣ እማ፣ መረቡ ገና ውሃ ውስጥ ነው፣ እላታለሁ። አሁን የቀረው ያንቺ ማውጣት ነው።

ወንድምሽ፣
በጣት ሳይሆን በስሙ የፈረመው፣
ሙነወር

ሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.