ሰር ኤድመንድ የዘጋው በር

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ በረታልዎ? ያ ሳል ተወዎት ወይ? እኔ ልጅዎ ስመኝ ከበረዶው ጋር ከመታገል በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ለወንድሜ ለቸሩ ስልክ ስደውል የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጋሽ ሆርዶፋ እርስዎ ዕድራቸው እንዲገቡ ሽማግሌ ቢልኩብዎ፣ ጭሰኛዬ የነበረ ሰው ዳኛ በሆነበት ዕድር አልገባም ብለው ከደጅ መለሷቸው አሉ። አባባ፣ ሽማግሌ ከደጅ ይመለሳል እንዴ?

እዚህ ሪችፊልድ የምንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስስ ዊትኮም፣ ዘራቸው ከእንግሊዝ ነው። ፀጉራቸውን ሳበጥር ስለ ጥንት አያታቸው ስለ ሰር ኤድመንድ ያጫውቱኛል። ሰውዬው እንደ እርስዎ ባለ ርስትና የፓርላማ አባል ነበር። ክፉ አልነበረም፤ በችግር ዘመን ጎተራውን ከፍቶ ሰው አብልቷል። ግን መንደሩ ከብቱን የሚያሰማራበትን የጋራ ግጦሽ አጥሮ በር ዘጋበት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለው ጠፋ፣ በምርጫም ወደቀ። ኩሩ ነበርና ሰውን እንዳላየ እያለፈ አረጀ።

አንድ ክረምት ፈረሱ እዚያው በር ላይ ጣለው። ግጦሹን የተነጠቁት ሰዎች ደርሰው በሩን ነቀሉና ቃሬዛ አድርገው ቤቱ አደረሱት። ሲድን ታዲያ በሩን መልሳችሁ ግጠሙት አላለም። ከብቱም ገባ፣ ሰላምታውም ተመለሰ።

ሚስስ ዊትኮም እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አለቀስኩ። ምን ሆንሽ ቢሉኝ አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው አልኳቸው። እሱስ የዘጋው በር አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አይዞዎት፣ ገመናዎን ለባዕድ አላወጣሁም።

በአዋጁ የተወሰደብዎ መሬት እንደሚያንገበግብዎ አውቃለሁ፤ እኔንም ያመኛል። ግን እማማ ስትሞት አባል ናቸው አይደሉም ሳይሉ ድንኳን የተከሉልን ጋሽ ሆርዶፋ አይደሉም? እርስዎ ያን ዕለት እጃቸውን እንኳ አልጨበጡም። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። ሲሞቱ የሚሸከምዎት እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ በሕይወት እያሉ ደጅዎን የሚያንኳኳ እንዳይጠፋ ነው። ሽማግሌዎቹ ከሁዳዴ በፊት እንደገና ይመጣሉ ብሎኛል ቸሩ። እባክዎ ያስገቧቸው።

ቸሩን ይሳሙልኝ። ሚስቱን የሺሀረግን ከነልጆቿ እንደምን አላችሁ ይበሉልኝ። ለጋሽ ሆርዶፋም ሰላምታ አለኝ፤ እሱን ግን በቸሩ አይላኩት፣ እርስዎ ራስዎ ቤታቸው ሄደው ያድርሱልኝ።

ልጅዎ ስመኝ
ሪችፊልድ፣ ሚኒሶታ
ጥር 4 ቀን 1990 ዓ.ም.