የእማ ቀኝ ዓይን

ሰኞ፣ ጥር 2 ቀን 1980

መነጽሩ ዛሬ ተሰጣት። አላየችም።

እሷ ግን አየሁ ትላለች። ከክሊኒኩ ወጥተን ማታቱ የሚሉትን የዚህን አገር ሚኒባስ ስንጠብቅ ፊቷን ወደኔ አዞረችና «ዘሐራ፣ ከስተሻልሳ» አለችኝ። መንገድ ላይ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ቤት ስንገባ መጋረጃው እኔ መስሏት «እስቲ ውሃ አቀብይኝ» አለችው። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ውሃውን ቀድቼ ሰጠኋት።

ቀኝ ዓይኗ ኦፕራሲዮን ከሆነ ወር አልፎታል። ሞራው በደንብ ተነሥቷል ብለውናል። ፋሻው ሲፈታ ብርሃን ብቻ ነው የታያት። «ቁስሉ ይሻር» አሉን። ከዚያ «ስፌቱ ይፈታ» አሉ። ከዚያ «መነጽር ስታደርግ ታያለች» አሉ። መነጽሩም መጣ። ከእንግዲህ ምን ሊሉን ነው?

ለምን እንደምትዋሽ አውቃለሁ። የባሌ የኑሩ ጓደኛ ቅዳሜ በጭነት መኪናው እስከ ሞያሌ ድንበር ይሄዳል። እማ ከእሱ ጋር ልትመለስ ቆርጣለች። ከሞያሌ በኋላ ስትመጣ ያመጧት ነጋዴዎች ደሴ፣ ቤቷ ያደርሷታል። ወንድሜ ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ድምፁ የለም። «ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል?» ነው የእማ ነገር። ሳታይ እንዴት ትሄዳለች ብዬ እንዳልከለክላት ነው አየሁ የምትለው።

ማክሰኞ

አቶ ደሳለኝ ሊጠይቋት መጡ። ከታችኛው ፎቅ ምግብ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ናቸው። እዚያው ክሊኒክ፣ በዚያው ሳምንት ነው እሳቸውም ሞራቸውን ያስነሡት። መነጽራቸው እንደ ጠርሙስ ቂጥ ወፍራም ነው፤ ዓይናቸውን አፍጥጦ የበሬ ዓይን አስመስሎታል። ግን ጋዜጣ ያነባሉ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁባቸው።

ሁለት ጣት ዘርግተው «እትዬ ፋጡማ፣ ይሄ ስንት ነው?» አሏት።

«ሁለት» አለች።

«ጎበዝ! አሁንስ?»

«ሁለት።»

እጃቸውን ኪሳቸው ከተውት ነበር። ፊታቸው ልውጥ አለ። እማ በኩራት መነጽሯን አስተካከለች። እኔ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ተከትለውኝ መጥተው «አትደንግጪ፣ ብዙ ምክንያት ይኖረዋል» አሉኝ። እዚያ ተኝተው ሳሉ የሰሙትን ሁሉ ነገሩኝ። የመነጽሩ ቁጥር ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። የዓይኗ ፊት አብጦ ሊሆን ይችላል። ስኳር ይኖርባት ይሆናል። ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተላቆ ይሆናል። ከሁሉም መነጽሩን መረጥኩ። መነጽር ይለወጣል።

ከሰዓት ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ውጪ አፍስሳ እጇን አቃጠለች። «ሞልቶ ነው» አለች። ስኒው ባዶ ነበር።

ለኑሩ ብነግረው «እሄዳለሁ ካለች ትሂድ እንጂ፣ እስረኛ ናት እንዴ?» አለኝ። ተኮራረፍን።

ረቡዕ

ትልቁ ሆስፒታል ወሰድኳት። የዚህ አገር መታወቂያ ስለሌላት ፖሊስ ባየሁ ቁጥር ክንዷን ጭምቅ አደርጋለሁ፤ እሷ «ምነው?» ትለኛለች።

ሐኪሙ ህንዳዊ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር። መጀመሪያ መነጽሩን መረመረ። ትክክል ነው አለ። አንዱ ተስፋዬ እዚያው ሞተ። ከዚያ በመብራት ዓይኗን ውስጥ ለውስጥ ሲያይ ቆየ። ግፊቱን ለካ። እንደገና ለካ።

«ከዚህ በፊት ያማት ነበር? መብራት ስታይ ዙሪያው ቀለም ይታያት ነበር?» አለኝ። ተረጎምኩላት።

እማ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «ፋኖሱ ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታየኝ ነበር። ጀማልን የወሰዱት ክረምት። ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያስመልሰኛል። በሻሽ ጥፍር አርጌ አስሬው እተኛለሁ። ከለቅሶ መስሎኝ ነበር» አለች።

ይሄን ነገር ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም።

ግላኮማ ይባላል አለኝ ሐኪሙ። ሞራው በትክክል ተነሥቷል፤ ኦፕራሲዮኑ አልተበላሸም። ግን ዓይኗ ውስጥ ያለው ግፊት ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ ኖሮ፣ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ገድሎታል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። በመነጽርም፣ በመድኃኒትም፣ በሌላ ኦፕራሲዮንም።

«ሞራው ከመነሣቱ በፊት ማወቅ አይቻልም ነበር?»

«ግፊቱ ተለክቶ ቢሆን ይጠረጠር ነበር። ሞራ ሲወፍር ከጀርባው ያለው ነርቭ አይታይም» አለ። ወረቀቱን ወደ መጻፍ ዞረ።

ግራ ዓይኗ ሞራም ግፊትም አለበት፤ ነርቩ ግን ገና ግማሽ ያህል በሕይወት አለ። ጠብታና ክኒን አሁኑኑ ትጀምር፣ ግፊቱ ሲወርድ ኦፕራሲዮን እናደርጋታለን አለኝ። ካልታከመች ያም ይሄዳል። ጠብታው ዕድሜ ልክ ነው።

«ምን አለሽ?» አለችኝ እማ።

«ጠብታ ያስፈልጋታል አለ።»

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ሐሙስ

ስገባ ልብሷን እየዳበሰች ሻንጣ ውስጥ ስትከት አገኘኋት።

«ጠብታው ለየትኛው ዓይን ነው?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ለግራው።»

«ቀኙስ?»

የጠብታውን ብልቃጥ ሻንጣዋ አጠገብ አስቀመጥኩ።

«ሞቷል በያ።»

መነጽሩን አወለቀች። በመሐረብ ጠቅልላ አልጋው ላይ አኖረችው። አላለቀሰችም። ከለቅሶ እንዳልሆነ፣ ሐኪሙ እንደዚያ እንዳለ ነገርኳት። «እሱ ምን ያውቃል፣ አብሮኝ አላለቀሰ» አለች።

ደሴ ይሄ ጠብታ እንደሌለ፣ ከሄደች ግራውም እንደሚጠፋ ነገርኳት። ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ።

«ጀማል ቢመጣ እኔ ባላየው እሱ ያየኛል» አለችኝ። «ቤቱ ተዘግቶ ካገኘው ግን ሞታለች ብሎ ይመለሳል።»



እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልናገረውም፦ ሐኪሙ «አይመለስም» ሲለኝ ቀድሞ የመጣልኝ «እንግዲህ አትሄድም» የሚለው ነው። ደስታ የመሰለ ነገር ነበር። ማፈሬ ከዚያ በኋላ መጣ።

አርብ

ኑሩ ከጁምዓ ሲመለስ ጓደኛውን፣ ሹፌሩን፣ ይዞት መጣ። መልስ ይፈልጋል። እማ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«እኔ አልሄድም» አለችው። እኔና ኑሩ ተያየን። «ለነጋዴዎቹ ንገርልኝ። ጎረቤቴ ዘምዘም ቤቴን ከፍታ ትግባበት። ኪራይ አልፈልግም። ቀን በሩ ገርበብ ይበል። ማታ መብራት ይኑር። ልጄ ከመጣ እናትህ ዓይኗን ልትታከም ሄዳለች፣ ትመጣለች ትበለው።»

ሹፌሩ ቃል በቃል መልሶ አስደመጣት። አንድ ቦታ ተሳሳተ፤ አረመችው።

እሱ ሲወጣ ወደኔ ዞረች። «ግራው ካየልኝ ግን እሄዳለሁ። አትከለክይኝም። ማይልኝ።»

ማልኩላት። ምን ላድርግ።

ቅዳሜ

መኪናው ሄደ። ኑሩ ሸኝቶት ተመለሰ። እማ ምሳም አልበላች፣ ራትም አልበላች። ሻንጣዋ አልጋው ሥር ነው፤ ልብሱን ላውጣልሽ ብላት እምቢ አለች።

ጠብታውን ስጨምርላት ዓይኗን ጨፈን ጨፈን አደረገች። «ያቃጥላል?» ስላት «ይሥራ እንጂ ያቃጥል» አለች።

ከኑሩ ጋር ታርቀናል። ዕቃ ቤቱ ደጅ ላይ ያለውን በርሜል ከመተላለፊያው አንሥቶላታል፣ እንዳያደናቅፋት። ሳልጠይቀው።

እሑድ

አቶ ደሳለኝ ሾርባ አሠርተው ላኩ። ጥቂት ቀመሰች። ራሷን አላመማትም። አላስመለሳትም። ዛሬ ይኸው ነው።

ሰኞ

ግፊቱ ወርዷል! ሐኪሙ ሁለቴ ለክቶ አረጋገጠ። ነገ ጠዋት ትግባ አለ።

ከዚያ የቀረውን ነገረኝ። ሞራው ይነሣል፣ ግፊቱም መውጫ ይበጅለታል። ልታይ ትችላለች። ላታይም ትችላለች። የደከመ ነርቭ ኦፕራሲዮኑን ሳይችል ቀርቶ ያለው ግማሽ ሊጠፋ ይችላል። ሁሉንም ተረጎምኩላት። አንድም አላስቀረሁም። እያየኋት መናገር ስላልቻልኩ ግድግዳውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ዝም ብንለውስ?» አለች።

«ቀስ በቀስ ይጠፋል ነው የሚለው፤ በጠብታ ሊቆይ ይችላል፣ ግን ሞራው አለ፣ አታይም።»

አንዲት ነርስ ገብታ «ፖሌ፣ ማማ»፣ አይዞሽ እናቴ፣ ብላ ትከሻዋን ዳበሰቻት።

«ይሥራኝ» አለች እማ።

አሁን ተኝታለች። ሶላቴን ሰግጄ ዱዓ ላደርግ እጄን ዘረጋሁና ቃል አጣሁ። ካየች ወደዚያ ጦርነት ልትመለስ ነው፤ ምያለሁ። ካላየች እዚህ ከእኔ ጋር በጨለማ ልትኖር ነው። የቱን ልለምን?

በመጨረሻ «ዓይኗን አብራላት» አልኩ። ሌላውን አልጨመርኩበትም።