በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ

ረቡዕ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. — ሽንፋ

ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት ከአምስት ወር ከሦስት ቀን ሆነኝ። ሙቀቱ ገና በማለዳ ነው የጀመረው። ለማንበብ ተቀምጬ ሁለት ገጽ አልዘለቅሁም፤ ላቤ ፊደሉ ላይ እየተንጠባጠበ... ተውሁት።

ከሰዓት በኋላ አማቼ አለነ እየሮጠ መጣ። ኮኪት ላይ መኪና አግኝቷል። ያገለገለች ነጭ ፒካፕ። "አባባ፣ ብርሌ ናት!" ምኗን አየህ? ብለው፣ "ጎማዋን በእግሬ መታ መታ አደረግኋት፤ ድምፅዋንም ሰማሁ" አለኝ። ሐብሐብ የሚመርጥ ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ አንኳኩቶ ያዳምጣል።

ነገሩ የቅንጦት ቢሆን እስቅ ነበር። ልጄ ስርጉት ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ካቻምና ክረምት ምጥ ሲይዛት፣ ገንዳ ውኃ ሆስፒታል የሚያደርሳት መኪና ጠፋ። በትራክተር ተሳቢ ጫንናት። የዋልካው ጥቁር ጭቃ ትራክተሩን ግማሽ መንገድ ላይ ይዞ አስቀረው። ሕፃኑ እዚያው ቀረ... ስም እንኳ አላወጣንለትም። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስቱ የሰሊጣቸውን ገንዘብ ሁሉ ያስቀመጡት ለዚህ ነው። ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ዝናብም ጭቃም ቢሆን፣ ደጃፍ ላይ የምትነሣ መኪና እንድትኖር።

ሻጩ ማን ነው? ደሴ ነው አለኝ። የእኔ ደሴ! አራተኛ ክፍል ሳስተምረው ከዐምሳ ሁለት ተማሪ አንደኛ አንባቢ የነበረው። አሁን ኮኪት ላይ እህል ነጋዴ ነው።

"ደሴ ከሆነማ..." አልሁ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ኮኪት ውለን ተመለስን። ስንነሣ መካኒኩ ሰፍዋን ከጋራዡ ብቅ ብሎ፣ "ዓሚ፣ ልከተላችሁ?" አለኝ። አጎቴ ለማለት ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲሁ ይጠራኛል። ስርጉትም "ይሂድ እንጂ አባባ፣ ምን ይጎዳል?" አለች።

የከለከልሁት እኔ ነኝ። የገዛ ተማሪዬን በመካኒክ ላስፈትሸው? በዚህ አገር የሚያውቁትን ሰው ዕቃ ማስመርመር ሰውየውን እንደ መፈተሽ ነው። ሰፍዋን ትከሻውን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ደሴ በሩ ድረስ ወጥቶ ጉልበቴን ሳመ። መኪናዋ ታጥባ፣ ውስጧ ሽቶ ተረጭቶ፣ ጥላ ሥር ቆማለች። የሞተሩን ክዳን ብነካው ሞቋል።

"ስትነዳት ነበር እንዴ?"

"ኧረ መምህር! በግንቦት ኮኪት ላይ የማይሞቅ ምን አለ?"

ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ወደማውቀው ሥራ ገባሁ። የባለቤትነት ደብተሩን ተቀብዬ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ግማሽ ሰዓት አነበብሁ። የሞተር ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ ማኅተሙን፣ ስርዝ ድልዝ አለበት ወይ? የለበትም። አለነ ቁጥሮቹን ከብረቱ ላይ ጮክ ብሎ ሲያነብልኝ አንዱም አልተዛነፈም። "መምህር ድሮም ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው አይለይም" አለ ደሴ። ደስ አለኝ። በእውነት ደስ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ውሉን ጻፍሁ። ስም ማዛወሩ ጎንደር ወጥተው ሲመቻቸው ይፈጸማል፤ እስከዚያው የእጅ ውል። የገዢውን አንቀጽ እንደ ልማዴ አደረግሁት፦ "በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ ዳስሼ፣ አስመርምሬና ወድጄ የገዛኋት ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ጉድለት አለባት ብዬ አልመለስም።"

ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዋቀርኋት ከዐርባ ዓመት በፊት ነው፤ ለበሬ ሽያጭ። ዛሬ ከሽንፋ እስከ አብርሃ ጅራ ማንም ውል ሲጽፍ እርሷን ነው የሚገለብጥ። ከጻፍሁት ሁሉ ሰው በቃሉ የያዘልኝ እርሷን ብቻ ነው።

ምስክር ሆኜ ፈረምሁ። መምህር ዋሴ። ፊርማዬ ዛሬም አልተንቀጠቀጠም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ስርጉት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ገበያ ሄደች። ስትወርድ ሳቀች። ከካቻምና ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

የመጀመሪያው ዝናብ። አፈሩ ሲሸት ደስ ብሎኝ ነበር...

አለነ ከእርሻ ሲመለስ መኪናዋ ቆመችበት። ውኃ አልተሻገረም፣ ጭቃ አልገባም። ዝናብ ብቻ ነው የመታት። መብራቷ ብልጭ ድርግም አለ፣ መጥረጊያው ሳያዙት ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ጸጥ። ሁለት በሬ ጠምዶ ጎትቶ አመጣት። የሠፈሩ ሰው በር በሩ ላይ ቆሞ ያያል። አንዱ፣ "አለነ፣ በሬዎቹን ነው ወይስ መኪናዋን የገዛህ?" ብሎ ጮኸ።

ስርጉት አልሳቀችም። ወደ ቤት ገባች።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ሰፍዋን መጣ። ተቆጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። የሞተሩን ክዳን እንኳ አልከፈተም። በሩን ከፍቶ የወንበሩን ቀበቶ ያዘና ይስበው ጀመር። ሳበው፣ ሳበው... እስከ መጨረሻው። ጫፉ ላይ፣ ሁልጊዜ ተጠቅልሎ የሚቀረው ክፍል ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል የደረቀ ጭቃ።

"አየኸው ዓሚ? መኪና የሚያጥብ ሰው ቀበቶውን እስከዚህ ስቦ አያጥበውም። ይህች ወንዝ ገብታ ነበር።"

ምንጣፉን ገለጠ። ከሥሩ የወንዝ ደለል፣ ደቃቅ፣ እንደ ዱቄት። የወንበሩ ብሎኖች በዝገት ቀልተዋል። ከዳሽቦርዱ ሥር እጁን ሰድዶ የሽቦ መጋጠሚያ አወጣ፤ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል።

ምን ማየት ነበረብን? አልሁት። አሁን መጠየቄ!

"ማለዳ መሄድ ነበረባችሁ፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። ቀድሞ ያሞቀ ሰው ቀዝቅዛ ስትነሣ እንድትሰሟት አልፈለገም። ደግሞ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ማሽተት ነው። ውኃ የገባበት መኪና እንደ እርጥብ ጆንያ ይሸታል።"

"እኔን የሸተተኝ ሽቶ ነው።"

"እሱ ነዋ ዓሚ! ጤነኛ መኪና ሽቶ ምን ያደርግላታል?"

ትጠገናለች ወይ ስለው ቀበቶውን እየለቀቀ መለሰ፦ "ጠግኜ ላስነሣት እችላለሁ። ዛሬ ይህን ሽቦ ብቀይር ነገ ያኛው ይበላል። በበጋ ገበያ ትወስዳችሁ። በኸሪፍ ግን ምጥ የያዛትን ሴት አላሳፍርባትም።" ክረምትን ኸሪፍ ይላል፤ እዚህ ድንበር ላይ ብዙው ነጋዴ እንዲያ ነው የሚል።

ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። "እኔ ሰፍዋን ይሂድ ብዬ ነበር" አለች። ብትጮህብኝ በወደድሁ።

የሞተር ቁጥር! ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁጥር አነበብሁ። ሰው ታሞ ቢመጣ መታወቂያውን አይቶ ደኅና ነህ የሚል ሐኪም አለ?

ሰኞ፣ ግንቦት 25

ኮኪት ሄድሁ፤ ብቻዬን። ደሴን ከሰሊጥ ጆንያዎቹ መካከል አገኘሁት። አሁንም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ሸሸሁት።

"ውኃ ገብቶባት ነበር ወይ?"

ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። "አዎ መምህር። ባለፈው ክረምት አብርሃ ጅራ በኩል ጎርፍ ወስዷት፣ አንድ ቀን ውላ ነው የወጣች። ፈትቼ አድርቄያታለሁ።"

"ለምን አልነገርኸኝም?"

"መምህር፣ ጠየቁኝ እንዴ? ወረቀት ጠየቁኝ፣ ወረቀት ሰጠሁዎ። ውኃ ገብቶባታል ወይ ቢሉኝ አልዋሽዎትም ነበር።"

የስርጉትን ነገር ነገርሁት። የካቻምናውን ሕፃን። ዐይኑን ሰበረ፤ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ውሉን አወጣና አነበበልኝ። አንድም ቃል ሳይደናቀፍ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ እያረፈ፣ ድምፁን አራት ነጥቡ ላይ ዝቅ እያደረገ... ልክ እኔ እንዳስተማርሁት። "አስመርምሬና ወድጄ የገዛኋት ስለሆነ..."

"ይህን የጻፈው ማን ነው መምህር?"

ውኃ አቀረበልኝ። ሳልጠጣ ወጣሁ።

መንገዱን ሁሉ ሳስብ መጣሁ። በእርግጥ አልጠየቅሁትም? ያን ቀን ያልሁትን አንድ በአንድ አስታወስሁ። ስለ ማኅተሙ ጠየቅሁ። ስለ ቀረጡ ጠየቅሁ። ስለ እናቱ ጤና ጠየቅሁ። ስለ መኪናዋ አንድም ጥያቄ... አንዱን ጠየቅሁ፤ በቀልድ መለሰልኝ፣ በሳቅ ተቀበልሁት።

እርሱም ግን ያውቅ ነበር። ያላየ መጠየቅ አለበት ይሆናል፤ ያየስ?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30

ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ አቤት ላለው ለአለነ የኮኪት ሽማግሌዎች መልስ ላኩ። "ወረቀቱ አስመርምሬ ይላል፤ ምስክሩም መምህር ዋሴ ናቸው። በእርሳቸው ፊርማ ላይ ምን ቃል እንጨምራለን?"

ዐርባ ዓመት ያከበሩት ስሜ ነው ልጄን ያሰራት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ዋልካው አብጧል፤ ጫማ ያወልቃል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከዚህ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

ስርጉትን ከሰዓት በኋላ ከመኪናዋ አጠገብ አገኘኋት። እጇን ክዳኑ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ የታመመ ከብት እንደምትዳስስ። "አባባ፣ ከቆመ ብረት ጋር አልሟገትም። አዋላጇ ገንዳ ውኃ የእናቶች ማቆያ አለ ብላኛለች። እዚያ ተቀምጬ ቀኔን ልጠብቅ። መንገዱ ሳይዘጋ ልሂድ።"

አለነ ቅር ያለው ፊት አሳየ፤ የዘር ወቅት ነው፣ ሠራተኛ የሚያበላ የለም። "አንተ ታበላቸዋለህ" አለችው። "በሬ ጠምደህ መኪና ከጎተትህ ድስት አያቅትህም።"

ከእራት በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ለሽማግሌዎቹ ልጽፍ። አለነ የመጀመሪያውን መስመር በትከሻዬ በኩል አንብቦ ደነገጠ።

"አባባ፣ ይሄ ከተነበበ እኮ ማንም ውል አያጽፍዎትም! ስምዎ..."

"ስሜም ውኃ ገብቶበታል፤ ታጥቦ ሽቶ ተረጭቶበት ነው የከረመው።"

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድሁ። የሚያምር እየሆነ አስቸገረኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ስርጉት ዛሬ ማለዳ ሄደች። ሻንጣዋን ይዤ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋት። ከመሳፈሯ በፊት የሚኒባሱን ሞተር ክዳን በመዳፌ ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነበር። እኔ ፊት አስነሣው አልሁት ሾፌሩን። በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ከዚያ ገብቼ እርሷ የምትቀመጥበትን ወንበር ቀበቶ እስከ ጫፉ ሳብሁት። ንጹሕ ነው።

"አባባ፣ ሊገዙት ነው እንዴ?" አለ ሾፌሩ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

"የለም፤ ልጄን ላሳፍርበት ነው።"

ስርጉት ቀበቶውን ከእጄ ተቀብላ ከሆዷ ዝቅ አድርጋ አሰረችው። "ልጄ ሲወለድ ስሙን እርስዎ ያወጣሉ" አለችኝ። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ለስለስ ብላ አናግራኝ አታውቅም። ሚኒባሱ ጭቃውን እየቀዘፈ አስፋልቱ ወዳለበት እስኪዞር ቆምሁ። ወጣ። አልያዘውም።

እኩለ ቀን ላይ አለነ ከእርሻው ደወለልኝ፤ ስርጉት ደውላለታለች፤ ደርሳለች፣ አልጋ ይዛለች።

ያን ጊዜ ደብዳቤውን ለአራተኛ ጊዜ ጻፍሁት፤ ያለ ጌጥ። "በውሉ ላይ አስመርምሬ የሚለው ቃል ሐሰት ነው። ማንም አልመረመራትም። መካኒኩ ልምጣ ሲል የከለከልሁት እኔ ነኝ፤ ገዢው በእኔ አፍሮ ዝም አለ። ምስክርነቴን ስቤያለሁ። ሻጩ ደሴ ጎርፍ እንደወሰዳት በአንደበቱ ነግሮኛል፤ ለዚህኛው እመሰክራለሁ። በደሌን በእኔ፣ ዝምታውን በእርሱ ላይ ቁጠሩና ፍረዱ። ከዛሬ ጀምሮ ያችን ዐረፍተ ነገር ከእኔ ውል የምትገለብጡ ሁሉ፣ ሳታዩ አትገልብጧት።" የሽማግሌዎቹ ጉባኤ እሑድ ነው፤ በሕዝብ ፊት ይነበብ ብያለሁ። የሚያነበው ማን እንደሚሆን አውቃለሁ። ኮኪት ላይ ከደሴ የተሻለ አንባቢ የለም... ያንብበው።

ፊርማዬ ዛሬ ተንቀጠቀጠ። እንዲሁ ተውሁት።

ሰፍዋን መለዋወጫ ሊገዛ ኮኪት ይወርዳል። ፖስታውን በእጁ ሰጠሁት። "ዓሚ፣ ምን አለበት?" አለኝ። ቀበቶው እስከ ጫፉ አልሁት። ሳቀና ኪሱ ከተተው።

አሽጌዋለሁ። ልኬዋለሁ።