ቁልፉን መልስለት

ልጄ፣ ፈጣሪ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ጉልበቴም ተሽሎታል።

መንጃ ፈቃድህ አዲስ ነው እያሉ ሁሉም ሲመልሱህ፣ አንድ ባለ ጭነት መኪና ቅዳሜና እሁድ እንድትነዳለት ቁልፉን እንደሰጠህ እህትህ ነገረችኝ። "ፍሬኑ ትንሽ ይለግማል፣ ትለምደዋለህ" ማለቱንም አልደበቀችኝም። ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር ይህን ሲሰማ፣ "ፍሬን አማት ነው እንዴ የሚለመደው?" አለ። እህትህ ሳቀች፤ እኔ ግን አልቻልኩም። አባትህንም አሠሪው ያለው ይህንኑ ነበር። "ዛሬስ ብቀር?" ብሎ በር ላይ ሲቆም፣ ስንቁን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ማታ ሬሳውን አመጡልኝ።

እባክህ ልጄ፣ ቁልፉን መልስለት። ሥራ ፈት የሚልህ ቢኖር ይበል፤ ስድብ አይገድልም። እንደመለስክ ደውልልኝ፤ ድምፅህን እስክሰማ እህል አይወርድልኝም። ከአባትህ የተቀነሰውን ዕድሜ ለአንተ ይጨምርልህ።

እናትህ